ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሲፈታ ማን ይሰማል?

(ለሕግ ተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለ ቅጣትና ስለ እስር ለመስማት መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። አመሰግናለሁ።

አንድ ዘግናኝ ወንጀል በዜና ሲሰማ ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕፃን ተደፍራ ተገደለች ይባላል። ወይም አንድ ቤተሰብ በሌሊት በዘራፊዎች አለቀ ይባላል። ስልካችንን ስንከፍት የምናየው አንድ ቃል ነው፤ "ይሰቀል!" ወራት ያልፋሉ። ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ይፈርዳል። ያኔ አንዱ "ተመስገን፣ ከእንግዲህ ከዚያ አይወጣም" ይላል። ሌላው ደግሞ "ተወው ባክህ፣ ነገ ይቅርታ አድርገውለት ይወጣል" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሕጉ የሚለውን ቁጭ ብሎ የነገራቸው ሰው ስለሌለ አልፈርድባቸውም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ዕድሜ ልክ እስራትን እደግፋለሁ። ከዚያ ያነሰ ቅጣት የማይመጥናቸው ወንጀሎች አሉ ብዬ አምናለሁ። ከ20 ዓመት በኋላ ሊከፈት የሚችል በር ያለው መሆኑንም እደግፋለሁ። የማልቀበለው በሩ የሚከፈትበትን መንገድ ነው። የሟች እናት ሳትሰማ፣ ልጆቹ ሳይጠየቁ፣ ታሳሪው በእርግጥ መለወጡን ማንም በደንብ ሳይመረምር የሚከፈት በር ለማንም አይበጅም። ለሚወጣውም ሰው አይበጅም።

መጀመሪያ ሕጉን እንየው።

አሁን የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸና ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው።) አንቀጽ 108 ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው ይላል። ዕድሜ ልክ የሚሆነው ሕጉ ለዚያ ወንጀል በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ዳኛ ስለተቆጣ ብቻ ዕድሜ ልክ መፍረድ አይችልም።

የሰው ግድያን ውሰዱ። አንቀጽ 540 ተራ ግድያ የሚለው ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ የሚለው ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ከባድ የሚያደርገው ምንድን ነው? አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ፣ በተለየ ጭካኔ ከሆነ፤ ለመግደል ወይም ለመዝረፍ ከተደራጀ ቡድን ጋር ሆኖ ከሆነ፤ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ ሲል ከሆነ ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዕድሜ ልክ ታስሮ ሳለ እንዲህ ያለ ግድያ የፈጸመ ሰው ሞት ይፈረድበታል። ሕግ አውጪው ከዕድሜ ልክ በላይ የሚያስፈራ ነገር ለታሳሪው ያስቀረው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ አንቀጽ 202 እንምጣ። አመክሮ የምንለው፣ ቅጣት ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ መፈታት፣ እዚህ ነው። ጊዜ የተቆረጠለት ታሳሪ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ፣ በአመክሮ እንዲፈታ ሊጠየቅለት ይችላል። ማረሚያ ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ወይም ታሳሪው ራሱ ያመለክታል። የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። መስፈርቶቹም ተጽፈዋል። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ያሳየ፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን የካሰ፣ ቢወጣም በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆን አለበት። ከወጣም በኋላ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ለዕድሜ ልክ ፍርደኛ ከ5 እስከ 7 ዓመት የፈተና ጊዜ አለው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ። 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛው 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት 20 ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአመክሮ ለመጠየቅ ብቁ የሚሆኑበት ጊዜ ልዩነቱ 3 ዓመት ከ4 ወር ነው። ችሎት ውስጥ የሚሰማው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዕድሜ ልክ ሲባል የተበዳይ ወገን እልል ይላል፣ የተከሳሽ እናት ራሷን ትስታለች። 25 ዓመት ሲባል የተበዳይ ወገን "ይግባኝ!" ብሎ ይጮኻል። ያቺን የሦስት ዓመት ልዩነት ማንም አይነግራቸውም። ዳኛው ፍርዱን አንብቦ ይነሳል፣ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ሚቀጥለው መዝገብ ይሄዳል፣ ሰዎቹም እንደገባቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ላስምርበት። 20 ዓመት መብት አይደለም። የመጠየቂያ ቀን ነው። ፍርድ ቤቱ አልፈታም ማለት ይችላል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው አመክሮ ቢከለከልም የሚያልቅ ቀን አለው። የዕድሜ ልክ ታሳሪ አመክሮ ከተከለከለ የሚቆጥረው ቀን የለውም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ከደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ትንሽ ልቆይበት።

ችሎቱ የተጀመረው በታኅሣሥ 1987 ነው። ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999። 12 ዓመት! ጥር 3 ቀን 1999 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዚምባብዌ ባሉት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በሌሉበት፣ ከጎናቸው በነበሩት ላይም፣ ዕድሜ ልክ ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ። ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የሞት ፍርድ በአገራችን የርዕሰ ብሔሩን ማጽደቅ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አላጸደቁትም። የሃይማኖት አባቶች ለምነው ግንቦት 24 ቀን 2003 የ23 ባለሥልጣናትን ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት። አራት ወር ገደማ አለፈ። በመስከረም መጨረሻ 2004 ላይ 16ቱ ከእስር ወጡ። ከነሱ መካከል የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ለገሠ አስፋው ነበሩ።

እንዴት ወጡ? ብዙ ሰው ይቅርታ ተደርጎላቸው ነው ይላል። ይቅርታማ አይቻልም። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28 ላይ ግለጡት። የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መፈጸም፣ ሰውን አስገድዶ መሰወር፣ ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊት፤ እነዚህ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም። ንዑስ አንቀጽ 2 አንዲት ነገር ብቻ ይፈቅዳል። ሞት ከተፈረደ ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊያሻሽለው ይችላል። ፕሬዚዳንቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ የቀረውን አንቀጽ 202 ሠራው። ከ1983 ጀምሮ የታሰሩት ጊዜ ሲቆጠር 20 ዓመት ሞልቷል። በዕድሜ ልክ ላይ 20 ዓመት ሲሞላ አመክሮ ይጠየቃል።

ይህን ልብ ብላችሁ አስቡት። ሕገ መንግሥቱ ይቅርታ የከለከለውን ወንጀል የፈጸመ ሰው በአመክሮ መንገድ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሕገ ወጥ ነበር እያልኩ አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ አንቀጽ አለው። በቀይ ሽብር ልጇን ያጣች እናት ግን በሦስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ የሰማችውን ቁጠሩ። መጀመሪያ ሞት ተባለ። ከዚያ ዕድሜ ልክ ተባለ። ከዚያ ወጡ ተባለ። በዚያ መሐል እሷን ማን ጠራት? ማን አስቀምጦ "እማማ፣ ሕጉ እንዲህ ስለሆነ ነው" አላት? መስቀል አደባባይ ዳር ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል። አብዛኞቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው።

የዚህ ታሪክ ሌላ ጫፍ ደግሞ ሄግ ውስጥ አለ። እሸቱ ዓለሙ የሚባል የደርግ ሰው ሆላንድ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። ጎጃም ውስጥ በ1970 ስለተፈጸመው ተከሰሰ። አንዱ ክስ ደብረ ማርቆስ ላይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለተገደሉ 75 እስረኞች ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ይግባኙም በሰኔ 2014 ውድቅ ሆኖ ፍርዱ ጸና። በሆላንድ ዕድሜ ልክ እንደኛ አይደለም። ቀነ ገደብ የለውም፣ ታሳሪው የሚወጣው በንጉሥ ምሕረት ብቻ ነው። አሁን ከ25 ዓመት በኋላ ጉዳዩን የሚያይ አካል አቁመዋል። ያ አካል ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ውሳኔው በተጎጂዎችና በሟች ቤተሰቦች ላይ የሚያመጣው ነገር ነው። ለአንድ ዘመን ወንጀል አዲስ አበባና ሄግ ላይ የተሰጠ አንድ ዓይነት ቅጣት ነው። የጎጃሙ ተጎጂ ወይም ቤተሰቡ ሄግ ላይ ሊሰማ ይችላል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ማንም አይጠራውም። ይህ ያሳዝነኛል።

በጣሊያን ኤምባሲ ተጠልለው ስለቀሩት ሁለት የደርግ ባለሥልጣናትም በአጭሩ ላንሳ። ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ በ1983 ገብተው 30 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ በታኅሣሥ 2013፣ የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሮ በአመክሮ ተለቀቁ። ያው መንገድ ነው።

ዕድሜ ልክን ያረከሰው ሌላው ነገር ፖለቲካችን ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1999 የተቃዋሚው የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው ሞት ነበር። ሐምሌ 13 በይቅርታ ወጡ። አራት ቀን! ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 "ይቅርታ አልጠየቅሁም ብላለች" ተብላ ይቅርታው ተሰርዞ ዕድሜ ልኩ ተመለሰባት። በመስከረም 2003 እንደገና ተፈታች። በ2011 ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። የተቃዋሚ ፖለቲከኛው አንዱዓለም አራጌ በሐምሌ 2004 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በየካቲት 2010 ተፈታ። እነዚህ ሰዎች መፈታት ነበረባቸው። መታሰራቸው ራሱ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ጉዳቱ ግን በእነሱ ላይ ብቻ አልቆመም። ሕዝቡ ዕድሜ ልክ ማለት መንግሥት ሲፈልግ የሚያሥረው፣ ሲፈልግ የሚፈታው ነገር ነው ብሎ ለመደው። ስለዚህ እውነተኛ ነፍሰ ገዳይ ዕድሜ ልክ ሲፈረድበትም አያምንም። "ይሰቀል" የሚለው ጩኸት ግማሹ የሚመጣው ከዚህ አለማመን ይመስለኛል።

ስለ ሞት ቅጣት ብዙ አልናገርም። ሕጋችን ላይ አለ። የመጨረሻው በይፋ የታወቀው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በሐምሌ 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች የማይመጣ ቀን እየጠበቁ ይኖራሉ። ፍርድ ቤቶቻችን ይሳሳታሉ። ምስክር ይገዛል፣ የእምነት ቃል በድብደባ ይወጣል። ይህ በአደባባይ የተነገረ፣ መንግሥትም ራሱ በ2010 ያመነው ነገር ነው። የታሰረ ሰው ስህተቱ ሲገኝ ይፈታል። የሞተው ምን ይደረጋል? ደግሞም ሊገድል የተነሳ ሰው ቆሞ አንቀጽ አያነብም። የሚያስፈራው መያዙ ነው። ፖሊስ በሳምንት የሚይዘው ከሆነ 20 ዓመትም ያስፈራዋል። የማይያዝ ከመሰለው ሞትም አያስፈራውም።

"እሺ፣ ሞቱ ይቅር፤ ግን ዕድሜ ልክ ከተባለ እስኪሞት እዚያው ይቆይ" የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ስሜቱ ይገባኛል። ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2005 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በእንግሊዝ ላይ በቀረበ ጉዳይ፣ ፈጽሞ የማይታይ ዕድሜ ልክ ኢሰብዓዊ ነው ብሏል። ሰውየውን ፍቱ አላለም። አንድ ቀን ጉዳዩን የሚያይለት ሰው ይኑር ነው ያለው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እንኳ፣ የዘር ማጥፋት የሚዳኘው፣ ዕድሜ ልክ የፈረደበትን ሰው ጉዳይ ከ25 ዓመት በኋላ መልሶ እንዲያይ በመቋቋሚያ ስምምነቱ ተጽፎበታል።

ለእኔ የሚያሳምነው ግን የውጭው ፍርድ አይደለም። ማረሚያ ቤቱን አስቡ። አንድ ሰው በ22 ዓመቱ ይገባል። ከዚህ ወዲህ ብትማርም ባትማርም፣ ብትደባደብም ባትደባደብም ያው ነህ ካልነው፣ አብሮት ለሚታሰረው ልጅና ለሚጠብቀው ፖሊስ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ተስፋ ያለው ታሳሪ ይማራል፣ ሽመናም እንጨት ሥራም ይሠራል፣ ጠያቂ ሲመጣለት ልብሱን አጥቦ ይወጣል። ደግሞ በ22 ዓመቱ የገደለውና በ42 ዓመቱ ፍርድ ቤት ፊት የሚቆመው አንድ ሰው መሆን አለመሆኑ ታይቶ ነው መታወቅ ያለበት። አንዳንዱ ያው ነው። እሱ ይቆይ። ለዚህም ነው መመርመር የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

20 ዓመት ለታሳሪው ብቻ አይቆጠርም። አባቱ ሲገደል የሦስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ ገዳዩ ሲፈታ 23 ዓመቱ ነው። ጎረምሳ ሆኗል። አባቱን የሚያውቀው በፎቶና በእናቱ ለቅሶ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ ደም መመለስ የሚባል ነገር አለ። "የአባቱን ደም ያልመለሰ" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ያንን ሰውዬ ቢያገኘው ምን ይፈጠራል? አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይታሰራል። የ20 ዓመቱ ቅጣት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሕጋችን ግን የተወጋው የረሳ ይመስል ነው የሚሠራው።

የሚገርመው ሽማግሌዎቻችን ይህን ድሮ ያውቁታል። ገዳይ ወደ ሰፈር ከመመለሱ በፊት ሽማግሌ ይላካል። ቄሱም ሼኹም ይገባሉ። የሟች ወገን ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ አልፈልግም ብሎ ይመልሳል፣ እንደገና ይላካል። ካሳ ይቆረጣል። ኦሮሞው በጉማ፣ ሌላውም በየራሱ ሥርዓት ይፈጽመዋል። ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ድሃው ቤተሰብ ተጭኖበት የሚታረቅበት ጊዜ አለ፣ ሴቶች የማይሰሙበት ሸንጎ ሞልቷል። አስገድዶ መድፈርን በሽምግልና መሸፈን ደግሞ ነውር ነው፣ በፍጹም አልቀበለውም። ግን አንድ ነገር በትክክል ይዘዋል። ሰውየው ከመመለሱ በፊት ተበዳዩ ይሰማል።

አንቀጽ 202 ለዚህ ቦታ አለው። ጉዳቱን የካሰ ይላል። በተግባር ግን ይህች መስፈርት ብዙ ጊዜ በወረቀት ታልፋለች። ታሳሪው ገንዘብ የለውም፣ ስለዚህ "አቅም የለውም" ተብሎ ይጻፋል፣ ይታለፋል። ካሳ ብር ብቻ መሆን የለበትም። ያደረገውን አምኖ፣ በሽማግሌ በኩል፣ ፊት ለፊት ቀርቦ መናገርም አለ። ብዙ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንዲት እናት አንዴ እንዲህ ብላኛለች፤ "ብሩ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ይንገረኝ።" ለዚህች እናት የተከፈተ በር በሕጋችን ውስጥ የት ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የዕድሜ ልክ ፍርድ በሚነበብበት ቀን፣ እዚያው ችሎት፣ ዳኛው በቀላል አማርኛ፣ ወይም ሰዎቹ በሚያውቁት ቋንቋ፣ "ይህ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ትጠራላችሁ" ይበል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የሟች ቤተሰብ ስምና አድራሻ በመዝገቡ ላይ ይቀመጥ፣ በቀበሌ በኩል ይታደስ። አመክሮ ሲጠየቅ ዐቃቤ ሕግ ይጥራቸው። አይፈታ ካሉ ምክንያታቸውን ይናገሩ። ፍርድ ቤቱ የነሱን ቃል ብቻ ይዞ እንዲወስን አልፈልግም። ቂም መስፈርት አይሆንም። ቤተሰቡ ደካማ የሆነ፣ የሚከራከርለት የሌለው ታሳሪም በቂም ብቻ መበስበስ የለበትም። ግን ይሰሙ። ሰውየው ከተፈታ የት እንደሚኖር፣ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ እንደሆነ ይነገራቸው። በፈተናው 5 ወይም 7 ዓመት ውስጥ የሚከታተለው ሰው ይመደብ። ዛሬ ያ ጊዜ በብዙ ቦታ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው።

ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ፍርዱን የሚያነበው ዳኛ ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል። ዐቃቤ ሕጉም የአመክሮ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ ስልክ አንስቶ ቤተሰቡን ማፈላለግ ይችላል። እዚህ ከተቀመጣችሁት የሕግ ተማሪዎች መካከል ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ አላችሁ። በ1997 አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሰዎች 20 ዓመታቸው እየሞላ ነው። ማመልከቻዎቹ አሁን መምጣት ጀምረዋል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።